ሜሰርሽሚት 262፦ ስለ ጀርመኑ ተዋጊ ጄት አፈጣጠርና የውጊያ ሙከራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ወሬ ከተነሳ ሜሰርሽሚት 262 ሳይነሳ አይቀርም። ወሬው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። «ሂትለር ባያበላሸው ኖሮ ጦርነቱን ይገለብጠው ነበር» ይባልና ነገሩ ያበቃል። አይ፣ እንደዚያ ቀላል አይደለም። የዚህን አውሮፕላን ዕጣ የወሰነው ከሁሉ በላይ ሞተሩ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው መቼ ተጀመረ?

ከጦርነቱ በፊት። ብዙ ሰው በሽንፈት ዋዜማ፣ በጭንቀት የተፈለሰፈ መሣሪያ ይመስለዋል። የጀርመን አየር ሚኒስቴር ግን ሜሰርሽሚት ኩባንያን በጄት ሞተር የሚበር ተዋጊ እንዲነድፍለት የጠየቀው በ1938 መጨረሻ ገደማ ነው። የመጀመሪያው ንድፍ በ1939 ቀረበ። የንድፍ ቡድኑን ይመራ የነበረው ቮልደማር ፎይግት ነው።

አስቂኙ ነገር፣ አውሮፕላኑ ሲነደፍ ሞተሩ ገና አልነበረም። ቢ ኤም ደብሊው «ቀላልና ትንሽ ሞተር እሠራላችኋለሁ» ብሎ ነበር። ጊዜ በሄደ ቁጥር ያ ሞተር እየከበደና እየወፈረ መጣ። የአውሮፕላኑ ሚዛን ሲዛባባቸው መሐንዲሶቹ የክንፉን ጫፍ ወደ ኋላ ቀለበሱት። ያ 18.5 ዲግሪ የተቀለበሰ ክንፍ ዛሬ «ከዘመኑ የቀደመ ጥበብ» እየተባለ ይሞገሳል። በፍጥነቱ ላይ መጠነኛ ጥቅም ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የመጣው ግን ክብደት ለማመጣጠን ሲባል ነው።

ጄት ከሆነ መጀመሪያ በፕሮፔለር የበረረው ለምንድን ነው?

አካሉ አልቆ ሞተሩ ስላልደረሰ ነዋ! ሰዎቹ ዝም ብለው መጠበቅ አልፈለጉም። አንድ የቆየ ፒስተን ሞተር አፍንጫው ላይ ገጠሙለትና ኤፕሪል 18 ቀን 1941 አውግስቡርግ ላይ ፍሪትዝ ቬንደል አበረረው። ቬንደል ቀላል ሰው አይደለም። በ1939 በሰዓት 755 ኪሎ ሜትር በርሮ የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን የሰበረ አብራሪ ነው። በዚህ ደካማ ሞተር ግን አውሮፕላኑ ከመሬት የተነሳው እየተንገዳገደ ነው። ቢሆንም አካሉና መሪው በአየር ላይ ደህና መሆናቸው ታየ።

በቀጣዩ ዓመት፣ ማርች 25 ቀን 1942፣ የቢ ኤም ደብሊው ሁለት ጄት ሞተሮች ክንፉ ሥር ተገጠሙ። ደግነቱ ፒስተኑን ከአፍንጫው አልነቀሉትም ነበር። አውሮፕላኑ እንደተነሳ ሁለቱም ጄቶች ተራ በተራ ጠፉ። ቬንደል በዚያው በንቀት ይታይ በነበረው ፒስተን እየተጎተተ ዞሮ አረፈ።

በጄት ብቻ የበረረው መቼ ነው? ያ የፍሬን ታሪክስ እውነት ነው?

ጁላይ 18 ቀን 1942፣ ላይፕሃይም በተባለው ሜዳ። ሞተሮቹ በዚህ ጊዜ የዩንከርስ ናቸው፤ ስማቸው ዩሞ 004። አብራሪው አሁንም ቬንደል። የፍሬኑ ታሪክም እውነት ነው፤ ትንሽ ላብራራው።

የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች እንደ ድሮ አውሮፕላኖች የኋላ ጎማ ነበራቸው። ስለዚህ መሬት ላይ ሲቆሙ አፍንጫቸው ወደ ሰማይ፣ ጅራታቸው ወደ መሬት ነው። ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ሲነሳ ፕሮፔለሩ አየር እየገፋ ወደ ጅራቱ ይልክለታል፣ ጅራቱም ቀስ ብሎ ይነሳል። ጄት ግን ይህ የለውም። ክንፉ አየሩን ስለሚጋርደው የጅራቱ መቆጣጠሪያ ቢንቀሳቀስም ባይንቀሳቀስም ለውጥ የለውም። አብራሪው ፊት ለፊቱን እንኳ አያይም። ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ሜዳው ያልቃል፣ አውሮፕላኑ ግን አፍንጫውን ሰቅሎ መሬት ላይ ይሮጣል።

መፍትሔው እብደት የሚመስል ነበር። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ሲደርስ አብራሪው ፍሬኑን ለቅጽበት መታ ያደርገዋል። አውሮፕላኑ ወደ ፊት ደፋ ሲል ጅራቱ ከመሬት ይላቀቃል፤ አየር ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ መሪው ይሠራል። ቬንደል ይህን አድርጎ ተነሳና 12 ደቂቃ ያህል በረረ። በዚያው ክረምት ኦገስት ላይ ከሬሽሊን የሙከራ ማዕከል የመጣው ሃይንሪሽ ቦቬ ሊሞክረው ሲል ግን ጊዜውን ሳተ። አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው አልፎ እርሻ ውስጥ ገባ። አብራሪው ተርፏል፣ ናሙናው ግን ለወራት ከሥራ ውጭ ሆነ።

በ1943 የፊት ጎማ ሲገጠምለት ይህ ሁሉ ጣጣ ቀረ። ፍሬን እየመቱ መነሳት የሙከራ አብራሪ ሥራ ሊሆን ይችላል። ለተራ የጦር አብራሪ ግን እንዲህ ያለ ነገር ማስረከብ አይታሰብም።

ጄኔራል ጋላንድ «መልአክ የሚገፋኝ መሰለኝ» ያለው በዚህ አውሮፕላን ነው?

አዎ። አዶልፍ ጋላንድ የጀርመን ተዋጊ አብራሪዎች የበላይ ነበር። ሜይ 22 ቀን 1943 ሌሽፌልድ ላይ አራተኛውን ናሙና አብርሮ ሲወርድ በደስታ ሰክሮ ነበር። በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ሰሞን «ሌላውን ፕሮጀክት ተውትና ይሄን በብዛት ሥሩት» ማለት ጀመረ። ግን ከአንድ ወር በፊት፣ ኤፕሪል ላይ፣ ቪልሄልም ኦስተርታግ የተባለ አብራሪ በሁለተኛው ናሙና ተከስክሶ ሞቷል። አንዱ ሞተር ሲጠፋ አውሮፕላኑ በአፍጢሙ ተደፋ። የጋላንድ መልአክ በየቀኑ ሥራ አይገባም ነበር።

ዋናው ችግር ምን ነበር?

ሞተሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ታሪኩ ያለው እዚህ ነው።

ዩሞ 004ን የነደፈው ቡድን መሪ አንሰልም ፍራንዝ አስተዋይ መሐንዲስ ነው። ቶሎ የሚደርስ፣ ቀጭን፣ ክንፍ ሥር የሚንጠለጠል ሞተር ፈለገ። ስምንት ደረጃ ያለው አየር ማመቂያ፣ ስድስት የማቃጠያ ክፍሎች፣ ከኋላ አንድ ተርባይን። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ግን ተርባይኑ ቀልጦ እንዳይዘረገፍ ኒኬል፣ ኮባልትና ክሮሚየም ይፈልጋል። ጀርመን በእገዳ ተከባለች፤ እነዚህን ማዕድናት በበቂ አታገኝም።

ስለዚህ ለምርት የታሰበው ሞዴል በቁጠባ ተሠራ። የማቃጠያ ክፍሎቹ ከተራ ብረት ተሠርተው በአልሙኒየም ተለበጡ። የተርባይኑ ምላጮች ውስጣቸው ክፍት ሆኖ በቀዝቃዛ አየር እንዲበርዱ ተደረገ። ብልሃት ነው፣ አይካድም። ዋጋው ግን ዕድሜ ነው። አንድ ሞተር 25 ሰዓት እንዲያገለግል ይታሰብ ነበር፤ በተግባር ብዙዎቹ 10 ሰዓት አካባቢ ሲደርሱ ይወርዱ ነበር።

ሌላው ፈተና ንዝረት ነበር። በ1943 የተርባይኑ ምላጮች በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞሩ መሰንጠቅ ጀመሩ። ለምን? እያንዳንዱ ምላጭ እንደ ክራር ጅማት የራሱ ድምፅ አለው። ከስድስቱ የማቃጠያ ክፍሎች የሚመጣው ግፊት ከዚያ ድምፅ ጋር ሲገጥም ምላጩ ራሱን እስኪሰብር ይንቀጠቀጣል። የፍራንዝ ሰዎች ምን አደረጉ መሰላችሁ? ጆሮው የሠለጠነ ሙዚቀኛ ጠሩ። ሙዚቀኛው የቫዮሊን ደጋን ይዞ ምላጮቹን እየጠረገ የእያንዳንዳቸውን ቃና ለየላቸው። ከዚያ ምላጩ በ1 ሚሊ ሜትር አጠረ፣ ቅርጹ ተስተካከለ፣ የሞተሩም ከፍተኛ ዙር በደቂቃ ከ9,000 ወደ 8,700 ዝቅ አለ። ችግሩ ተቃለለ። ዓመቱ ግን አልቆ ነበር።

ሞተሩ በብዛት መመረት የጀመረው በ1944 አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት የአውሮፕላን አካል እየተሠራ፣ ሞተር እየጠበቀ ይቆም ነበር።

ታዲያ ያዘገየው ሂትለር አይደለም?

ድርሻ አለው፣ ግን ዋናው እሱ አይደለም። ነገሩ ወዲህ ነው። ኖቬምበር 26 ቀን 1943 ምሥራቅ ፕሩሲያ ውስጥ ኢንስተርቡርግ ላይ አውሮፕላኑ ለሂትለር ታየ። «ቦምብ መሸከም ይችላል?» ብሎ ጠየቀ። ቪሊ ሜሰርሽሚት ራሱ ነው «አዎ» ያለው። ነጋዴ ለደንበኛ አይቻልም አይልም።

ሜይ 1944 ላይ ሂትለር ስንቱ ቦምብ እንዲሸከም ሆኖ እንደተሠራ ሲጠይቅ፣ የአየር ኃይሉ የምርት ኃላፊ ኤርሃርድ ሚልሽ «አንድም የለም» አለው። ቁጣው ጣሪያ ነካ። አውሮፕላኑ ቦምብ ጣይ ብቻ ይሁን ተባለ። ትዕዛዙ ሞኝነት ነበር፤ በዚያ ፍጥነት ዒላማ መምታት የሚያስችል ማነጣጠሪያ አልነበረውም። ግን ቀኑን ልብ በሉ። ትዕዛዙ የመጣው ሜይ 1944 ነው። ሞተሩ በብዛት መመረት የጀመረው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። የሌለ ሞተር ለተዋጊም ለቦምብ ጣይም አይሆንም። ከጦርነቱ በኋላ የጻፉ ጄኔራሎች ጥፋቱን ሁሉ በሟቹ ላይ መደፍደፍ ተመችቷቸው ነበር።

የውጊያ ሙከራው የተካሄደው የት ነው? እነማንስ አካሄዱት?

በዲሴምበር 1943 «የሙከራ ኮማንዶ 262» የሚባል ክፍል ተቋቋመ። ቦታው ከአውግስቡርግ በስተ ደቡብ ያለው ሌሽፌልድ፣ አዛዡ ሻምበል ቬርነር ቲርፌልደር። አውሮፕላን በእጃቸው የገባው ግን በ1944 ጸደይ ነው። አብራሪዎቹ የተመረጡት ሁለት ሞተር ያለው ከባድ ተዋጊ ያበሩ ከነበሩት ነው። አንዱ ሞተር ሲጠፋ የማይደነግጥ ሰው ያስፈልግ ነበርና ምርጫው ልክ ነበር።

ሥልጠናው እንዲህ ነው። ሁለት መቀመጫ ያለው ማሠልጠኛ ገና አልደረሰም። አሠልጣኙ መሬት ላይ ያስረዳሃል፣ ከዚያ ብቻህን ትሄዳለህ።

ሞተር ማስነሳቱ ራሱ ሥነ ሥርዓት ነበረው። ከጄቱ አፍ ውስጥ ሪዴል የምትባል ትንሽ ባለ ሁለት ምት የቤንዚን ሞተር ተቀምጣለች። በኤሌክትሪክ ካልተነሳች መካኒኩ ከፊት ያለውን ቀለበት ይዞ ገመዱን ይስባል፤ ልክ ሱቅ በር ላይ ጄኔሬተር እንደሚያስነሳ ልጅ። ትንሿ ሞተር ትልቁን ታዞረዋለች፣ መጀመሪያ ቤንዚን ይገባል፣ ሲሞቅ ወደ ዋናው ነዳጅ ይዞራል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል እስከ ማኮብኮቢያው ድረስ የሚጎተተው ከፊት እንደ ሞተር ብስክሌት በሆነ ባለ ሰንሰለት ጎታች ነው።

ከዚያ የእጅ ጉዳይ ይመጣል። የነዳጅ መስጫውን እጀታ በዝግታ መግፋት ግዴታ ነው። ቶሎ ከገፋኸው ነዳጁ ይበዛል፣ ሞተሩ ወይ ይጠፋል ወይ ይቃጠላል። በፒስተን ያደገ አብራሪ ደግሞ ጠላት ሲያይ እጁ በራሱ ወደ ፊት ይሄዳል። ለማረፍ ሲመጣም እንዲሁ። እጀታውን ቢመልስም የአውሮፕላኑ ፍጥነት ቶሎ አይቀንስም። ተሳስቶ ቢመጣና «ዞሬ ልምጣ» ቢል ሞተሩ ጉልበት እስኪያወጣ መሬቱ ይደርሳል።

ጁላይ 18 ቀን 1944 ቲርፌልደር ራሱ ተከስክሶ ሞተ። ተመትቶ ነው ወይስ ተበላሽቶበት በሚለው ላይ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

የመጀመሪያው ውጊያ ምን ይመስላል?

አዛዡ ከሞተ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ጁላይ 26 አልፍሬድ ሽራይበር የተባለ የኮማንዶው መኮንን ሙኒክ አካባቢ አንድ የእንግሊዝ ሞስኪቶ የፎቶ ቅኝት አውሮፕላን አገኘ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሞስኪቶ በከፍታው ላይ ማንም አይደርስበትም፤ አብራሪዎቹ ተዝናንተው ነበር የሚበሩት። ድንገት ከኋላ ሞተር አልባ የሚመስል ነገር መጣባቸው።

ሽራይበር ደጋግሞ አጠቃ። በእያንዳንዱ ዙር ግን ፍጥነቱ ራሱ ጠላቱ ሆነበት። ሞስኪቶው ጠበብ አድርጎ ሲታጠፍ ጄቱ በሰፊው አልፎ ይሄዳል፣ እስኪመለስ ጊዜ ይፈጃል። በመጨረሻ እንግሊዞቹ ደመና ውስጥ ገቡ። ከሥር ከባድ ድምፅ ሰምተው ስለነበር ወደ አገራቸው መመለሱን ትተው ጣሊያን ውስጥ ፌርሞ አረፉ። ድምፁ የሞስኪቶው የሥር በር የውጭ መዝጊያ ተገንጥሎ የሄደበት ነበር። ጀርመኖቹ ድል ብለው መዘገቡት።

የኖቮትኒ ኮማንዶ ምን ሆነ?

እዚህ ላይ ሙከራና ጦርነት ተደባለቁ። በሴፕቴምበር 1944 መጨረሻ ሻለቃ ዋልተር ኖቮትኒ የሚመራው ክፍል ኦስናብሩክ አጠገብ አክመርና ሄሴፔ ላይ ሠፈረ። ኖቮትኒ 23 ዓመቱ ነው፤ ከ250 በላይ አውሮፕላን ጥሏል ይባልለታል። ሰዎቹ ግን አብዛኞቹ በጄቱ ላይ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበራቸው። ቦታውም የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች መመላለሻ መንገድ ሥር ነው።

ኦክቶበር 7 ኡርባን ድሩ የተባለ የፒ-51 ሙስታንግ (የአሜሪካ ፒስተን ተዋጊ) አብራሪ አክመር ላይ ሲነሱ ጠብቆ ሁለት ጄቶችን በአንድ ምልልስ ጣለ። ኖቬምበር 8 ጋላንድ ለጉብኝት መጥቶ ነበር። ኖቮትኒ በዚያ ቀን ተነሳ፣ በሬዲዮ ሞተሩ መጥፋቱን ተናገረ፣ ብዙም ሳይቆይ ከደመና ወጥቶ ተከሰከሰ። ክፍሉ ከውጊያ ተነስቶ ለተጨማሪ ሥልጠና ሄደ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሒሳብ በአንድ ወር ገደማ 22 ድል፣ 26 የጠፉ ጄቶች ነው። ከጠፉትም ብዙዎቹን የወሰደው አደጋ ነው። ከዚሁ ክፍል የተረፉት ናቸው በኋላ «ሰባተኛ የተዋጊ ክንፍ» የተባለውን ታዋቂ የአየር ኃይል ክፍል የገነቡት።

ይህን ያህል ፈጣን ሆኖ እንዴት ይመታ ነበር?

በሰዓት 870 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ሙስታንጉ 700 አካባቢ ነው። ሰማይ ላይ ማንም አይዘውም። ግን ሁሌ ሰማይ ላይ አይኖርም። ሲነሳና ሲያርፍ ዝግተኛና ደካማ ነው። የአሜሪካ አብራሪዎች ይህ ሲገባቸው ሜዳውን መክበብ ያዙ። ጀርመኖቹም ጄቶቹን እንዲጠብቁ ሌላ የፒስተን ተዋጊዎች ማሰማራት ነበረባቸው። ጠባቂ የሚፈልግ ጠባቂ ማለት ነው!

መድፎቹስ ጥሩ ነበሩ?

አፍንጫው ላይ አራት 30 ሚሊ ሜትር ኤም ኬ 108 መድፎች ነበሩት። ጥቂት ጥይት አንድ ትልቅ ቦምብ ጣይ ይበታትናል። ግን ጥይቱ ዝግተኛ ስለሆነ በጣም መቅረብ ያስፈልጋል፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ለመተኮስ ያለህ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። አብራሪዎቹ ከቦምብ ጣዮቹ ኋላ ወርደው፣ ከዚያ ቀና እያሉ ፍጥነታቸውን የሚቀንሱበት ዘዴ አወጡ። በሙከራው ወቅት አውሮፕላኑ በኃይል ሲታጠፍ የጥይት ዝናሩ መበጠሱም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነበር።

ማን ነበር የሚሠራቸው?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ መጠየቅ ግን አለበት። ፋብሪካዎቹ በቦምብ ሲመቱ ምርቱ ወደ ዋሻና ወደ ጫካ ተበተነ። ኦስትሪያ ውስጥ ሳንክት ጌኦርገን በተባለው ከተማ ሥር በተቆፈረው ዋሻ የአውሮፕላኑን አካል ይሠሩ የነበሩት የጉዘን ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ናቸው። ቱሪንጊያ ውስጥ ካላ አጠገብም ከተያዙ አገሮች ተግዘው የመጡ ሰዎች ተራራ እየፈለፈሉ ፋብሪካ ሠሩ። በረሃብ፣ በድካምና በድብደባ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞተዋል። ስለ ፍጥነቱ ስናወራ ይህንን ወደ ግርጌ ማስታወሻ መጣል ነውር ነው።

የዓለም የመጀመሪያው ጄት ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም። የመጀመሪያው ጄት አውሮፕላን የጀርመኑ ሃይንክል 178 ነው፤ የበረረው ኦገስት 27 ቀን 1939። ሜሰርሽሚት 262 ወደ ውጊያ የገባ የመጀመሪያው ተዋጊ ጄት ነው። የእንግሊዙ ሜቲዮርም በዚያው በጁላይ 1944 ነው ወደ ጦር ክፍል የገባው።

ስንት ተሠሩ? ዛሬስ የት ይታያል?

ወደ 1,430 ያህል ተሠሩ። ነዳጅ፣ አብራሪ ወይም መለዋወጫ አጥተው መሬት ላይ የቀሩት ከተዋጉት ይበልጣሉ።

ዛሬ ዋሽንግተን ያለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየምና ሙኒክ ያለው የጀርመን ሙዚየም አላቸው። ወደ እኛ ቀረብ የሚለው ጆሃንስበርግ ነው። እዚያ ባለው የጦር ታሪክ ሙዚየም ሁለት መቀመጫ ያለው፣ በራዳር የሚሠራ የሌሊት ተዋጊ ቆሟል። እንግሊዞች ከማረኳቸው አንዱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የምትኖሩ ወይም የምታልፉ ካላችሁ ጎራ በሉ፤ ከፊት ሆናችሁ የሞተሩን አፍ ብታዩ የሪዴሏን መሳቢያ ቀለበት ታገኛላችሁ። ሲበር ማየት ለሚፈልግ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በአዲስ መልክ ከተሠሩት ጥቂቶች አንዱ ጀርመን ውስጥ በአየር ትርዒት ይበራል። ቅርጹ ያው ነው፤ በሞተሮቹ ሽፋን ውስጥ ያሉት ግን የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው።